ለሐሙስ ዝናብ የሚሆን ልብስ

ከዝናብ ልብስ ውስጥ የሚገኝ ውሃ ጨው ጨው ይላል። ይህን ያወቅኩት ቀምሼው ነው። ሰው ሲሰማኝ ይስቃል፤ ይሳቅ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጅማ ውስጥ ጤና ረዳት ሆኜ እሠራለሁ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ክትባት ይዤ በብስክሌት በደዶ መንገድ ወዳለች አንዲት ትንሽ የቡና ከተማ እወጣለሁ። የዝናብ ልብሱን መሥሪያ ቤቱ ነው የሰጠኝ፤ አረንጓዴ ላስቲክ፣ ከአንገት እስከ ጉልበት የሚሸፍን፣ ጠብታ አያስገባም የተባለለት። እውነትም አያስገባም። ታዲያ ምንም የማያስገባ ከሆነ፣ እኔ ውስጡ ሆኜ የምበሰብሰው በየትኛው ውሃ ነው? ይህ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ብስክሌቱን አቁሜ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ክንዴን ላስኩት። ዝናብ ጨው የለውም። የሚያበሰብሰኝ የራሴ ላብ ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ጅማ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ብርቅ አይደለም፤ አስተማሪውም ነጋዴውም ይነዳል። ብርቋ እኔ ነበርኩ። ሻሽ ያሰረች ልጅ በቀሚሷ ስር ሱሪ ለብሳ፣ ከኋላዋ ሳጥን ጭና ስትነዳ ያየ ሰው መጀመሪያ ይቆማል፣ ከዚያ «ያ ረቢ!» ይላል፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ክረምቱን ነው። የጅማ ዝናብ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ ሰኔ ላይ ይገባና ቤተሰብ ይሆናል። ወደ ደዶ አቅጣጫ ዳገቱን ስትወጡ ደግሞ ብርዱ ይጨመርበታል።

ሳጥኑ ውስጥ በበረዶ የተከበበ የኩፍኝ ክትባት አለ። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ ገበያው ሳይበተን መድረስ አለብኝ። ሐሙስ የዚያች ከተማ ገበያ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየቡናው ውስጥ የሚወጡት ያን ቀን ብቻ ነው። አስቡት እንግዲህ፦ ክትባቱ መቀዝቀዝ አለበት፣ እኔ መሞቅ አለብኝ፣ ሁለታችንም ያለነው አንድ ብስክሌት ላይ ነው።

በመጀመሪያው ክረምት አንድ ሐሙስ ቀረሁ። የፊተኛው ሳምንት በላብና በዝናብ ርሼ ቁልቁለቱን ስወርድ ብርድ መታኝ፤ ሰኞ ማንቀጥቀጥ ጀመረኝ፤ ሐሙስ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። እናቶቹ የከተማዋ ጤና ጣቢያ በር ላይ እስከ ቀትር ቆመው፣ በዝናብ ውስጥ እንደመጡ ተመለሱ። አንዷ ልጇን አዝላ ከሸቤ በኩል እህቷ ዘንድ አድራ የመጣች ነበረች አሉኝ። ይህን ስሰማ ከትኩሳቱ ይልቅ ሐፍረቱ አቃጠለኝ።

ኃላፊያችን ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ነገር ግን ስብሰባ ሲመራ ሽማግሌ የሚሆን ሰው ነበር። አስጠራኝና ሐኪም ያዘዘልኝን የዕረፍት ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። ልቡ ክፉ አልነበረም፤ መጀመሪያውኑም ብስክሌት ለሴት መስጠቱ ትልቅ ውለታ መስሎ ይታየው ነበር። ወረቀቱን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ጓድ፣ በዚህ ክረምት ሌላ አንድ ሐሙስ ከጎደለ ብስክሌቱና ዙሩ ለወንድ ይሰጣል። አንቺ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ።»

መዝገብ ቤቱ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። እኔ ደግሞ ዳገቱን፣ ከቡናው ላይ የሚነሳውን ጭጋግ፣ ክትባት ሲወጉ ዓይናቸውን የሚያፈጡ ሕፃናትን፣ ብስክሌቴን ሲያዩ ከሩቅ እጅ የሚያነሱትን ሴቶች ለምጃለሁ። እርር ድብን አልኩ። ግን እልህም ያዘኝ። ክረምቱ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ምን ብለብስ ነው የማልታመመው? በእግሬ ምን ባደርግ ነው ጣቶቼ የማይደነዝዙት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የምኖረው ከአባቴ፣ ከአባባ ጋር ነው። አባባ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ወጣት ሆነው ከወሎ መጥተው ከጅሬን ዳገት ስር በረንዳ ላይ መኪናቸውን የተከሉ፣ ጅማ ላይ ያረጁ ሰው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ያን ጊዜ ሱፍ ብርቅ ስለነበር፣ ኮቱ የነጣበት ሰው አዲስ አይገዛም፤ አባባ ዘንድ አምጥቶ ያስገለብጣል። ስፌቱን ይፈቱታል፣ ፀሐይ ያላየውን የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ ያዞሩታል፣ እንደገና ይሰፉታል። ኮቱ አዲስ ይሆናል። እኔ የተገለበጠ ኮት ከሩቅ አውቃለሁ፤ የድሮው ስፌት መርፌ የገባበት ጥቃቅን ቀዳዳ በመስመር ይታያል። ሰው በአዲስ ኮቱ ሲኩራራ ቀዳዳውን አይቼ ለራሴ እስቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ክፉ አመል ነበረኝ።

የራሳቸው የአባባ ልብስ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሽርጥ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ካፖርት ነው። ካፖርቱ ግራጫ ሱፍ ነው፤ ከበር ኋላ ምስማር ላይ ይሰቀላል። በክረምት ማለዳ ለሱብሒ ሰላት ወደ መስጊድ ሲወጡ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ እሱን ይለብሳሉ። ጥርሳቸውን ስለሚያማቸው ቅርንፉድ ያኝካሉ፤ ቅርንፉዱ የሚቀመጠው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። ብልም ያባርራል ይላሉ። ስለዚህ ቤታችን በሩ ሲዘጋ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል።

መጀመሪያ የመረመርኩት እግሬን ነው። መሥሪያ ቤቱ ቦቲ ሰጥቶናል፤ እስከ ጉልበት ሊደርስ ጥቂት የቀረው ጥቁር የላስቲክ ቦቲ። ከእሱ በፊት ሸራ ጫማ ሞክሬ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል። ኮንጎ የምንለውን የላስቲክ ጫማም ሞክሬ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ እግሬ ይወጣል፣ ጫማው ይቀራል። ቦቲ ሲሰጠኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ነገር ግን ከሸራውም ከኮንጎውም ይበልጥ እግሬን ያረጠበኝ እሱ ሆነ። ደርሼ ሳወልቀው ውሃው ይፈሳል። ተቀዶ ይሆናል ብዬ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት፤ አረፋ የለም። ደህና ነው። ታዲያ ውሃው በየት ይገባል?

አባባን ጠየቅኳቸው። አባባ ጥያቄ ሲቀርብላቸው አይመልሱም፤ ይነሳሉ። ተነሱና «ልበሺና ብስክሌቱ ላይ ውጪ» አሉኝ። ብስክሌቱን በኋላ መቆሚያው አቆምነው፤ ጎማው ከመሬት ተነስቶ በባዶ ይሽከረከራል። ልክ ሐሙስ እንደምለብሰው ለበስኩ፤ የዝናብ ልብስ፣ ሱሪ፣ ቦቲ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ፔዳል እመታለሁ፣ እሳቸው በማንቆርቆሪያ ጉልበቴ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው አበዱ የሚል ወሬ እስከ መርካቶ ሳይደርስ አልቀረም፤ የኛው የጅማው መርካቶ ማለቴ ነው።

አንድ ማንቆርቆሪያ ካፈሰሱ በኋላ ቦቲውን አወለቅን። ከግራው ብቻ አንድ ጣሳ ውሃ ወጣ። አባባ ጎንበስ ብለው ሱሪዬን በጣታቸው ተከተሉት፤ ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፤ እኔም በዓይኔ ተከተልኳቸው። ሱሪዬ ቦቲው ውስጥ ተከትቷል። ከዝናብ ልብሱ ጫፍ የወረደው ሁሉ ጉልበቴ ላይ ያርፋል፣ ሱሪው ይጠጣዋል፣ ሱሪው እየመራ ወደ ቦቲው ያስገባዋል። ቦቲው ደግሞ የገባውን አያስወጣም፤ ሥራው ነው።

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ሱሪ ቦቲ ውስጥ መክተት ሥርዓት ነበር። ወታደሩ ይከታል፣ ካድሬው ይከታል፣ ለልማት የዘመተው ሁሉ ይከታል። ኃላፊያችንማ ለመስክ ሠራተኞች መመሪያ ብሎ ነግሮናል፤ ሱሪ ቦቲ ውስጥ ያልከተተ ሠራተኛ ተዝረክራኪ ነው። ሁላችንም እንከታለን፣ ሁላችንም በረጠበ እግር እንመለሳለን፣ ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም ራሴ ያን ሁሉ ሐሙስ አልጠየቅኩም፤ መርማሪ ነኝ የምለው።

አባባ መፍትሔውን ወዲያው አገኙት። ሱሪዬን ከቦቲው አውጥተው በላዩ አለበሱት፣ ከታች በኩል ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ አሰሩት። እንደገና አፈሰሱ። ውሃው ቦቲውን በውጭ እየታከከ መሬት ወረደ። ውስጡ ደረቅ! ከዚያ በኋላ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ስወጣ ሱሪዬን እንደ መመሪያው እከታለሁ፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እወርድና አወጣዋለሁ። ስመለስ እዚያው እከተዋለሁ። ኃላፊያችን ንጹሕ አለባበሴን ጠቅሶ በስብሰባ ላይ አመስግኖኛል።

የእግሩ ነገር አበቃ። የቀረው ደረቴ ነበር። ላስቲኩን ብለብስ በላብ እርሳለሁ፤ ብተወው በዝናብ። ጋቢ ብደርብ ጥጥ ነው፤ ከረጠበ እንደ ሬሳ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይቀዘቅዛል። ዳገቱን ስወጣ አይታወቀኝም፤ ጉዱ የሚፈላው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ነፋሱ ይመጣና እርጥቡን ልብስ ገላዬ ላይ ይለጥፈዋል፤ ጥርሴ መንገጫገጭ ይጀምራል።

በዚህ መሃል ከደዶ አንድ ሽማግሌ መጡ። በቅሎ ነጋዴ ናቸው፣ የአባባ የቆየ ደንበኛ። ጥቁር የበግ ጠጉር በርኖሳቸው ትከሻው ላይ ተቀዶ ሊያሰፉት ነው። ዝናብ ውስጥ ስለመጡ ውሃ ያንጠባጥባሉ። እኔ ደግሞ አላስችለኝ አለና፣ እንዲህ ሆነው ሲመጡ አይበርድዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁና የበርኖሱን ጫፍ ገለጥ አደረጉት። እጅሽን ክተቺ አሉኝ። ከተትኩ። ላዩ ውሃ ነው፤ ውስጡ ሞቅ ያለ ነው። እጄን ለማውጣት ቅር አለኝ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «በግ ዝናብ መትቶት ሲሞት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ፍየል ዝናብ ጠብ ሲል ጣሪያ ስር ትሮጣለች፤ በግ ግን ዝናቡን ላዩ ላይ አውርዶ ሣሩን ይግጣል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ ሳየው ኖሬያለሁ፤ አስቤው ግን አላውቅም። ሽማግሌው በርኖሱን ላውስሽ አሉኝ፤ ለብሼ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ፤ ጫፉ ጎማው ውስጥ ገብቶ አባባ ባይይዙኝ ኖሮ አፍንጫዬን ሰብሬ ነበር። በርኖስ የበቅሎ ልብስ ነው፤ የብስክሌት አይደለም።

ሱፍ ይሻላል የሚለውን ግን በሰው ቃል ብቻ አልተቀበልኩም። ከአባባ የቁራጭ ቅርጫት ውስጥ ሦስት ቁራጭ አወጣሁ፤ አንድ አቡጀዴ፣ አንድ ናይለን፣ አንድ መዳፍ የምታህል ሱፍ። ሦስቱንም አንድ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩ። አቡጀዴውን ግራ እጄ ላይ፣ ናይለኑን ቀኝ እጄ ላይ፣ ሱፉን ግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ በረንዳው ላይ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ተቀመጥኩ። ደንበኞች እየመጡ ይህች ልጅ ምን ሆና ነው ይላሉ፤ አባባ ትታከማለች ይሏቸዋል። ብዙም አልቆየም። ሁለቱ እጆቼ ቀዘቀዙ። ቁርጭምጭሚቴ እርጥብ ነው፣ ግን አልቀዘቀዘም። እንደ ሽማግሌው በርኖስ። እርጥብ ሆኖ ሞቃት! ደስ ብሎኝ ጮህኩ። አባባ መርፌ ክር እያስገቡ ነበር፤ ክሩ ከእጃቸው ወደቀ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሱፉ ከየት ይምጣ? ኅብረት ሱቅ ያለው ካኪና አቡጀዴ ነው። መርካቶ ጠየቅኩ፤ ከጦርነቱ ወዲህ አይገባም አሉኝ። የቅርጫቱ ቁራጭ ሁሉ ቢገጣጠም ለአንድ ድመት አይበቃም። አባባ የበርኖሱን ትከሻ እየጠቀሙ፣ ቅርንፉዳቸውን ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዞሩ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሙሉ ልብስ አያስፈልገውም አሉ። ደረቱና ወገቡ ከሞቀ እጁን ሥራው ያሞቀዋል፤ እጅጌ የሌለው ሰደርያ ይበቃል። ሰደርያስ ቢሆን በምን ይሰፋል አልኩ። መስፋታቸውን ቀጠሉ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ለሁለት ሐሙስ በጋቢ ሄድኩ። በሁለተኛው ሐሙስ ስመለስ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ፤ ያውቀዋል ደረቴ፤ ካሁን በኋላ ሳምንት አልጋ ነው። መዝገብ ቤቱ ታየኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ በፊት አባባ ጠሩኝ። ጭናቸው ላይ ሰደርያ አለ። ጠቆር ያለ፣ ከብረት የጠቆረ ግራጫ ሱፍ፤ አንገቱ ዝግ፣ ከኋላ ወገብ ድረስ ረዘም ያለ፣ ጎንበስ ስል ጀርባዬ እንዳይገለጥ። ለጉልበቴም ሁለት ቁራጭ ሱፍ ከሱሪዬ ውስጥ ሰፍተውልኛል። ለበስኩት። ልክክ አለ። ከማን የተገኘ ነው ስላቸው ከግልበጣ የተረፈ ነው አሉ። ጠርዙን አየሁት፤ የድሮው መርፌ ቀዳዳዎች በመስመር አሉ። እውነትም የተገለበጠ ነው። አንዱ ደንበኛ አስገልብጦ ሳይወስደው የቀረ ነው ብዬ ጨረስኩት። ሦስት ጨርቅ ገላዬ ላይ አስሬ የተቀመጥኩት ልጅ፣ ቦቲ ባልዲ ውስጥ የነከርኩት ልጅ፣ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቅኩም። የዝናብ ልብሴንም ካሁን በኋላ አያስፈልግሽም ብለው ተቀብለውኝ ከበር ኋላ ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

ሐሙስ እንዳይሆን ሆኖ ዘነበ። ከከተማው እንደወጣሁ ሰማዩ ተዘረገፈ። በረዶ ያለበትን ሳጥን በቁራጭ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ራሴን ለዝናቡ ሰጥቼ ሄድኩ። የሚነዳው ላይ ነዳሁ፣ የማይነዳው ላይ ገፋሁ። ዳገቱን ስጨርስ ሰደርያው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ሰውነቴ ግን ደህና ነው። ቁልቁለቱ መጣ። ፍሬን ይዤ ቆምኩና ጠበቅኩት፤ አሁን ነፋሱ ይመጣል፣ አሁን ያ መንገጫገጭ ይጀምራል አልኩ። ለቀቅኩት። ነፋሱ መጣ። ፊቴን ገረፈው፣ እጆቼን ቀማኝ። ደረቴ ላይ ሲደርስ ግን ምንም! እርጥብ ነኝ፣ ሞቃት ነኝ። እየወረድኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ሐሙሴን አገኘሁት፤ መዝገብ ቤቱ ቀረ አልኩ።

ያኔ ነው የሸተተኝ። ሱፍ ሲረጥብና በገላ ሲሞቅ የቆየ ሽታውን ይሰጣል። መጀመሪያ የበግ ሽታ ነው የመሰለኝ። ቀጥሎ ከደረቴ ላይ፣ ከግራ በኩል፣ ኪስ ሊኖር ከሚችልበት ቦታ፣ ቅርንፉድ ሸተተኝ።

ብስክሌቱን አቆምኩ። የሰደርያውን ጫፍ ገልብጬ አየሁ። ከውስጥ በኩል፣ ወደ ገላዬ በዞረው ገጽ ላይ፣ ቀለሙ የነጣ ግራጫ ነው። የማውቀው ግራጫ ነው። በሕይወቴ ሙሉ በር ስዘጋና ስከፍት የማየው ግራጫ። ከዚያም አንድ በአንድ መጣልኝ። ከረቡዕ በፊት በነበሩት ቀናት ጠዋት ተነስቼ ከመስጊድ ሲመለሱ ሳያቸው ጋቢ ነበር የለበሱት፤ ጋቢያቸውም እርጥብ ነበር። ካፖርቱ ለዕድሜዬ ከበደኝ ብለውኝ ነበር፤ እኔም እውነት ነው ብያቸው ነበር። የዝናብ ልብሴን ምስማሩ ላይ የሰቀሉትም ምስማሩ ባዶ ሆኖ እንዳላይ ነው።  ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ ብስክሌቱን አዞርኩ። ግን ሳጥኑ ውስጥ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ እናቶቹም እየጠበቁ ነው። ተመልሼ ብገባ አባባ ምን ይሉኛል? መልሼ አዞርኩት። የቀረውን መንገድ እያለቀስኩ ነዳሁ፤ ዝናብ ስለሆነ ማንም አላየኝም።

ደረስኩ። ሴቶቹ ጣቢያው ጣሪያ ስር ታጭቀው ነበር፤ አንዷ በዚህ ዝናብ መጣሽ፣ እጅሽ ይባረክ አለችኝ። ምርቃቷን የምቀበል እኔ እንዳልሆንኩ ልነግራት ፈለግኩ፤ ግን ልጇን አቀፈችልኝና ወጋሁት። የመጨረሻውን ልጅ ስወጋ በረዶው ገና ቀልጦ አላለቀም ነበር። ያን ሐሙስም ሆነ ከዚያ በኋላ የነበሩትን አንዱንም አልቀረሁም፤ ብስክሌቱም የኔ እንደሆነ ቀረ።

ስመለስ አባባ በረንዳው ላይ መኪናቸው ፊት ነበሩ። ትከሻቸው ላይ ባዶ የቡና ጆንያ ደርበዋል። ሥራ ላይ ሲሆኑ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አስቤ የማውቀው ነገር ነው፤ አሁን ስቆጥረው የጀመሩት ባለፈው ሳምንት ነው። ብስክሌቱን አስደገፍኩ።

«አባባ፣ ካፖርትዎስ?» አልኳቸው።

መኪናውን አላቆሙም። «ለብሰሽው መጣሽ» አሉ። ከዚያ አቆሙና ጠጋ በይ አሉኝ፤ እጃቸውን ከሰደርያው ስር ጀርባዬ ላይ ከተቱ፤ ሽማግሌው እንዳሳዩኝ አድርገው። ሞቅ ይላል አሉ። ሌላ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ትከሻው በኩል ትንሽ ይጠባል፣ ነገ ፍቺው፣ አሰፋልሻለሁ ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ተናደድኩባቸው። እውነት እላለሁ፣ ተናደድኩ። ሰው ሳይጠየቅ እንዲህ አይደረግም። ግን ማንን ነው የምቆጣው?

ተመልሶ ካፖርት አይሆንም፤ ተቆርጧል። ሌላ ሱፍ ደግሞ የለም። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ አሰብኩ፤ ያለኝ ደግሞ ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ላስቲክ ብቻ ነው። ላስቲክ እኔን ያበሰበሰኝ ዳገት ስለምገፋና ስለሚያልበኝ ነው። አባባ ወደ መስጊድ የሚሄዱት ቀስ ብለው ነው፤ ሽቅብ የለው፣ ቁልቁል የለው። አያልባቸውም። እንግዲያው ላስቲኩ ለእሳቸው ይሆናል። ይህን ሳስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኢንሻአላህ እንሞክረው አሉ። በማግሥቱ ማለዳ በጋቢያቸው ላይ የመሥሪያ ቤቴን አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ደርበው፣ የመስክ ሠራተኛ መስለው ለሱብሒ ወጡ።

እስኪመለሱ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲነጋጋ መጡ፤ ላስቲኩ ላይ ዝናቡ ይንጠባጠባል። ገና ደጃፉን ሳይረግጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

«በይ ቅመሺ፤ ጨው አለው?» አሉ።

አልቀመስኩም። በመዳፌ ያዝኩት። ጠብታ ውሃ የለበትም፣ ላብም የለበትም። ቆዳቸው ግን እንደ ሳጥኔ በረዶ ነበር።

«ደረቅ ነው አይደል?» አሉ።

«ደረቅ ነው» አልኳቸው።